«መሬቱ ገና አልረጋም» ያለኝ ግንበኛ፦ አዳማ ላይ ያሠራሁት የግድግዳ ስንጥቅ ጥገና

ነጥቡን ቀድሜ ልስጥ፤ ብዙ ሰው ከዚያ በታች አያነብም። ከአምስት ሁለት ተኩል። ሁለቱ ለልስኑ ነው። ግማሿ ደግሞ ሰውየው ሳያስበው ላስተማረኝ ነገር።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። አዳማ ሰፋች ብትባልም ገበያው ያው አንድ ነው፤ ነገ ሰላም መባባላችን አይቀርም። ደግሞም ሌቦች አይደሉም። ሥራ ያውቃሉ። ችግራቸው ሌላ ነው፤ እሱን ነው የምነግራችሁ።

ቤቴ ወደ ገንደ ጋራ በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ዋናው ቤት ብሎኬት ነው፣ ቆየት ብሏል። ወጥ ቤቱን ግን በ2004 ዓ.ም. ነው የጨመርነው። ቦታው ተዳፋት ስለነበር በሲኖትራክ አፈር አስመጥተን ሞላነው። ያኔ ባለቤቴ በሕይወት ነበር። እሱ «ሙሌቱ አንድ ክረምት ይረፍ» ሲል እኔ ነኝ «ጭስ ገደለን፣ ቶሎ ይሠራ» ያልኩት። ይህቺን ያዙልኝ።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የቡፌው ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ያንን ሰሞን አዳማ የነበረ ሰው አይረሳውም። ፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬቱ ከመስከረም ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ከርሟል። የዚያች ሌሊቷ መንቀጥቀጥ መጠን ግን 5.7 ወይም 5.8 ተባለ፤ እንደ ለካው ተቋም ይለያያል። ሰፈሩ በሙሉ ጋቢውን እየጎተተ መንገድ ላይ ወጣ። አንዷ ጎረቤቴ ረከቦቷን ታቅፋ ነበር የወጣችው። ምነው ስንላት «ቤቱ ቢወድቅ ስኒዬ ለምን አብሮ ይወድቃል?» አለች። ሳቅን። እግራችን ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሲነጋ ወጥ ቤቱና ሳሎኑ በሚገናኙበት ጥግ፣ ከበሩ በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። የካቲት 7 ማታ 6.0 የተባለው ሲመጣ መስመሯ ጥፍር የምታስገባ ሆነች።

ወደ አገልግሎቱ ልምጣ።

ስልካቸውን ያገኘሁት ከሲሚንቶ መሸጫ ነው። በደወልኩ ማግስት መጡ። ይሄ በራሱ ተአምር ነው፤ በዚያ ወር ግንበኛ ማግኘት ሠርግ ከመደገስ ይከብድ ነበር። አለቃቸውን ሁሉም «ኢንጂነር» ይለዋል፤ እኔም አልኩት። ቱምቢ ጥሎ ግድግዳውን አየ፤ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰ። «አይፍሩ እትዬ፣ ዓምዱን አልነካም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልነካም። ዕቃና የእጅ ዋጋ ተደምሮ 26,500 ብር ጠየቀ። ግማሹን ቀብድ ሰጠሁ። ደረሰኝ ስል ከደብተር ቅዳጅ ላይ ጽፎ ሰጠኝ። የአንድ ዓመት ዋስትና አለው አለ፤ በቃል።

ሥራቸውን ቆሜ አየሁ። ስንጥቁን ዝም ብለው አልመረጉትም። በመሮ ከፍተው ሰፋ አደረጉት፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረጉ፣ ውሃ አጠጡት። ወንፊት ሽቦ ግራና ቀኝ ይዘው መቱበትና በሲሚንቶ ለሰኑት። እስኪደርቅ ጠብቀው ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም። በሦስት ቀን ጨረሱ። ወለሉን ሳይቀር አጥበው ነው የሄዱት። የትኛው ግንበኛ ወለል ያጥባል? ቀለሙ ብቻ ከድሮው አልገጠመም። እነሱ «ያው ክሬም ነው» ይላሉ፣ እኔ ቅቤና አይብ ለይቼ አውቃለሁ።

ይሄ ሁሉ መጋቢት ላይ ነው። ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ስንጥቁ ተመለሰ። እዚያው መስመር ላይ፣ አዲሱን ልስን ቀዶ።

ደወልኩ። አላነሳም። አራተኛው ላይ አነሳ፣ በሳምንቱ መጣ። ስንጥቁን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ ሐኪም። «እትዬ፣ ይሄ የኛ ሥራ አይደለም። መሬቱ ገና አልረጋም። ከትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ ፎልቱ ቀስ እያለ መንሸራተቱን ይቀጥላል። ሳይንስ ነው። የተፈጥሮ ነገር ደግሞ ዋስትና አይሸፍነውም።» ለድጋሚ ጥገና 15,000 ብር ጠየቀኝ።

ሠላሳ ዓመት ዱቄት ፋብሪካ ሂሳብ ሠርቻለሁ። ሰበብ ያመጣ ሰው ሁሉ ማስረጃ አምጣ ይባላል። ኢንጂነር ማስረጃ ስላልነበረው ራሴ ልፈልግ ተነሣሁ።

የእህቴ ልጅ ጂኦሎጂ የተማረ ነው። ደወልኩለት፣ ኢንጂነር ያለውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ሲስቅ ቆየና «አክስቴ፣ ሰውየው ያለው እውነት ነው። አንቺ ወጥ ቤት ውስጥ ግን አይደለም» አለኝ። ቅዳሜ ቤት መጣ። ቡና አፈላሁ። ከዚህ በታች ያለው እሱ ከነገረኝና ራሴ ካነበብኩት የቀረልኝ ነው።

እኔ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመስለኝ አንዴ ተናግቶ የሚያበቃ ነገር ነበር። እንደዚያ አይደለም። ፎልት ማለት የምድር ቅርፊት የተሰበረበት መስመር ነው፤ ሁለት ግዙፍ አለቶች ፊት ለፊት ተፋጥጠው የሚታከኩበት። መስመሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። ልጁ ቁምሳጥኔን እያሳየኝ ነው የነገረኝ። ቁምሳጥን በሲሚንቶ ወለል ላይ ስትገፊ እንቢ ይላል፣ እንቢ ይላል፣ ድንገት «ጢጥ» ብሎ ይዘላል። የዝላዩ ጊዜ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ያንኑ ቁምሳጥን ጭቃ ላይ ብትገፊው ግን አይዘልም። ፍጥነት በጨመርሽ ቁጥር ጭቃው አብዝቶ ይይዝሻል፤ ስለዚህ ዝግ እያለ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። አንድ ፎልት ላይ ሁለቱም ዓይነት ቦታ አለ። ሸክላ ያለበትና ያልጠነከረ አፈር የበዛበት ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለመሬቱ ገጽ የቀረበው፣ እንደ ጭቃው ነው።

ትልቁ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ሲሚንቶው ክፍል ይዘላል። ጭቃው ክፍል ይቀርና ዕዳ ይያዝበታል። ከዚያ ዕዳውን በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ ይከፍላል። የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ ይሄ ወዲያው ገባኝ። ዋናው ጉዳይ አከፋፈሉ ነው። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይከፍላል፣ እያደር ይሰንፋል። ከመጀመሪያው ቀን እስከ አሥረኛው ቀን የተንሸራተተውን ያህል እንደገና ለመንሸራተት ከአሥረኛው እስከ መቶኛው ቀን ሊፈጅበት ይችላል። ቀጥሎ እስከ ሺኛው ቀን። ስለዚህ ለዓመታት ይቀጥላል፣ ግን ፍጥነቱ ይሞታል።

ይሄ ቀስ ያለ መንሸራተት ደግሞ ከትልቁ መንቀጥቀጥ በኋላ ከሚመጡት ተከታይ ንዝረቶች የተለየ ነው። እነሱን ብርጭቆው ይነግራችኋል። ይሄኛውን ብርጭቆም ውሻም አያውቀውም። የሚያውቁት የጂፒኤስ ጣቢያዎችና መሬቱን ከላይ የሚለኩ ሳተላይቶች ናቸው። ጃፓን ላይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ያ መጠኑ 9.0 የሆነው መንቀጥቀጥ ከመጣ በኋላ የባሕር ዳርቻው ለዓመታት ወደ ምሥራቅ መሄዱን ሲቀጥል የታየው በነዚያው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓርክፊልድ የምትባል ቦታ አለች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 በ6.0 ተናጠች። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራትና ዓመታት ፎልቱ ዝም ብሎ የከፈለው፣ በዚያች በንዝረቷ ቅጽበት ከከፈለው በለጠ። ይህን ሳነብ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ቅሪቱ ከዋናው የሚበልጥ ሂሳብ አይቼ አላውቅም።

ለኢንጂነር ሰበብ የሚቀርበው ግን የናፓ ነው። እዚያው ካሊፎርኒያ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 2014፣ መጠኑ ይኸው 6.0። የተሰበረው መስመር የመኖሪያ ሰፈር አቋርጦ ነበር ያለፈው። ሰዎች ቤት ሥር፣ አስፋልት ሥር። ከመንቀጥቀጡም በኋላ አንዳንዱ ቦታ ላይ መንሸራተቱ ቀጠለ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ያለው ሽግሽግ በቀናት ውስጥ ጨመረ። ያኔ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ሰርቬይ ሰዎች ሽግሽጉ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደሚጨምር ግምት አውጥተው አሳወቁ፤ ነዋሪው ቤቱን አሁን ይጠግን ወይስ ይቆይ የሚለውን እንዲወስን። የአስተዋይ ሥራ ማለት ይሄ ነው። ዛሬ መርገህ በወሩ ከምትቀድ፣ ቆይ።

ከሁሉም ልቤን የወሰደችው ግን አንዲት ግንብ ናት። ቱርክ ውስጥ፣ ኢስሜትፓሻ የምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ ላይ። በዚያ የሚያልፈው ትልቅ ፎልት እ.ኤ.አ. በ1944 ከባድ መንቀጥቀጥ አምጥቶ ነበር። ጣቢያው ላይ በ1957 ግንብ ገነቡ። በ1969 ሲታይ ግንቡ ተቆርጦ አንደኛው ወገን ከሌላኛው 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተላልፏል። በዓመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ዛሬም ይንሸራተታል፣ ግን በዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ያ የ1944ቱ ዕዳ ገና ተከፍሎ አላለቀም ይላሉ። እኔ እንግዲህ የባቡር ከተማ ልጅ ነኝ። የድሮው ጣቢያችን ግንብ አጠገብ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። ያችን ግንብ የሠራው ግንበኛ ስንት ጊዜ ተሰድቦ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ምን ያድርግ? እሱ ሥራ ላይ እውነትም የመሬቱ ጥፋት ነበር።

እና የእኔው ግንበኛስ?

ልጁ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለየልኝ። አንደኛ፣ የፈንታሌው እንደ ቱርኩ ያለ ነገር አይደለም። እዚያ የሆነው በዋናነት ከሥር የቀለጠ አለት፣ ማግማ፣ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች መካከል መሬቱን እንደ ሽብልቅ ሰንጥቆ መግባቱ ነው። አፋር ላይ በ1998 ዓ.ም. መስከረም የሆነው የዚህ ታላቅ ወንድም ነው፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ፣ እስከ 8 ሜትር የተከፈተ። እዚያም ነገሩ በአንዴ አላበቃም፤ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ከአሥር በላይ ትንንሽ ሽብልቆች ተከታትለው ገብተዋል። ስለዚህ «መሬቱ ገና አልረጋም» የሚለው ለመተሐራና ለአዋሽ ሰው ቢነገር ማንም አይስቅም። ቤታቸውን ጥለው የወጡት ናቸው የሚያውቁት።

ሁለተኛ፣ እኔ ያለሁት አዳማ ነው። ከፈንታሌ በቀጥታ መስመር ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ንዝረት ያን ያህል ተጉዞ ብርጭቆ ያንጫጫል፣ ደካማ መጋጠሚያ ይከፍታል። ቀስ ያለው መንሸራተት ግን እዚያው ፎልቱ ላይ ነው የሚውለው። ተነሥቶ ባጃጅ ይዞ ገንደ ጋራ አይመጣም።

«አዳማም እኮ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለችው፣ ፎልት ሞልቶናል» አልኩት። ለመከራከር ያህል። «ልክ ነሽ» አለ። «ስምጥ ሸለቆው በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በዓመት የሚከፈተው አምስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ያንቺን ለኪውና ንገሪኝ።»

አለካኩን አሳይቶኝ ሄደ። ስስ የመስታወት ቁራጭ ስንጥቁን አሻግሬ በጀሶ ለጠፍኩ፤ እግሩን እንደተሰበረ ሰው። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። ከጎኑ ደግሞ በእርሳስ ስንጥቁን የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ አግዳሚ መስመር አሠመርኩ፣ ቀኑን ጻፍኩበት። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በማስመሪያ እለካለሁ። የልጄ ልጅ «አያቴ ግድግዳ ታስተምራለች» ብላ ሰፈሩን አዳረሰችው።

ደብተሬ እንዲህ ይላል። ሐምሌ 13፣ ሁለት ሚሊ ሜትር። መስታወቱ በዘጠነኛው ቀን ተሰበረ። ሐምሌ መጨረሻ፣ ሦስት ተኩል። ነሐሴ 11፣ ያ ሌሊቱን ሙሉ የዘነበው ዝናብ ካለፈ በኋላ፣ አምስት። መስከረም አጋማሽ፣ ሰባት። ከዚያ ቆመ። ጥቅምት ሰባት፣ ኅዳር ሰባት። ሌላም ነገር አለ፦ የእርሳሱ መስመር ደረጃ ሠራ። የወጥ ቤቱ ወገን አራት ሚሊ ሜትር ወደ ታች ወርዷል።

አሁን ከዕዳው ጋር አስተያዩት። የፎልቱ ዕዳ ቢሆን ኖሮ ብዙው መከፈል የነበረበት መጀመሪያ ነው፣ የካቲትና መጋቢት ላይ፤ ከዚያ እየሰነፈ መሄድ ነበረበት። የእኔው ስንጥቅ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ጭጭ ብሎ ተቀምጦ ሐምሌ ላይ ነው የነቃው። ስምጥ ሸለቆው በሙሉ በዓመት የሚከፈተውን ያህል የእኔ ወጥ ቤት ብቻውን በአንድ ወር ተከፈተ። እንግዲህ አፍሪካ ለሁለት የምትከፈለው በእኔ ምጣድ ሥር ነው ማለት ነው።

ጥፋተኛው አሸንዳው ነበር። የጣሪያው ውሃ በሙሉ ተሰብስቦ በወጥ ቤቱ ጥግ ላይ፣ ያ ባልተጠቀጠቀው ሙሌት ላይ ይወርዳል። በየክረምቱ አፈሩን ሲያበላው ኖሯል። መንቀጥቀጡ መጋጠሚያውን ከፈተ፣ ውሃው ሥራውን ቀጠለ። ባለቤቴ ይስማኛል፣ አንድ ክረምት ይረፍ ብሎ ነበር።

ስድስት ሜትር ቱቦ ገዝቼ ውሃውን ወደ ቦዩ አወጣሁት፤ ጥጉን ዙሪያውን በሲሚንቶ አስደፈንኩ። 3,400 ብር ፈጀ፣ የሠፈር ልጅ ነው የሠራው።

ኢንጂነርን በኅዳር ጠራሁት። ደብተሩን አሳየሁት። ቆሞ አነበበ፣ እውነቴን ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። «ሙሌት መሆኑን አልነገሩኝም እኮ እትዬ» አለ። «አልጠየቅከኝማ» አልኩት። ዝም አለ። ነጥብ የቀነስኩት እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ ቤቱን ሲዞር ከርሞ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አሸንዳውን አላየም፣ ጎንበስ ብሎም መሬቱን አላየም። ግድግዳ ብቻ ነው ያየው። ሰበቡን ግን ከቱርክና ከካሊፎርኒያ ድረስ አመጣው። ያነበበውን ሳይሆን ያነበበበትን ቦታ ነው የምጠላበት፤ ያው ስልኩ ላይ ነው።

ስንጥቁን በመጨረሻ በነፃ ደገመው። ግማሽ ቀን ፈጀ። ቀለሙ አሁንም አልገጠመም።

ልስን ብቻ ለሚፈልግ ሰው እነዚህን ልጆች እመክራለሁ፤ ንጹሕ ይሠራሉ፣ ዋጋቸው ከሌሎቹ አይከፋም። ለምን እንደተሰነጠቀ ለማወቅ ለሚፈልግ አልመክርም። ስንጥቁ ዓምድ ወይም ቢም ላይ ከሆነ ደግሞ እነሱንም እኔንም ተዉንና የስትራክቸር መሐንዲስ ጥሩ። ከመክፈላችሁ በፊት መስታወቷን ለጥፉ። እኔ ስገዛ ጀሶው ከመቶ ብር አልዘለለም፤ መስታወቱን መስታወት ቆራጮች ቁርጥራጩን በነፃ ይሰጣሉ፣ እጃችሁን ብቻ ጠብቁ።

አዲሷን መስታወት ከለጠፍኩ ወራት አልፈዋል፣ አልተሰበረችም። ግን በጋ ነው፣ በጋ ምስክር አይሆንም። ነሐሴን አሳልፌ ነጥቡን ከለወጥኩ እዚሁ እጨምራለሁ።